ምሕረት ለማን ደረሰ?

ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ሰው ተሰቀለ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይህ እምብዛም አዲስ ነገር አልነበረም። ወንጀለኛ በአደባባይ ይሰቀላል፤ ሕዝቡም ወጥቶ ያያል። የዚያን ቀን ግን ከተሰቀሉት አንዱ በላይ ዘለቀ ነበር። ጣሊያንን አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳው አባ ኮስትር። ወንድሙ እጅጉም አብሮት ተሰቅሏል። ሌላው ደግሞ ማሞ ኃይሉ ነው፤ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ። ማሞ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን የተሰለፈ ሰው ነበር።

አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን፣ በአንድ አደባባይ። ስለ በላይ ካነበብኩትና ከሰማሁት ሁሉ አልዋጥልህ የሚለኝ ይሄ ነው።

ስለ በላይ ሞት ሲወራ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ውለታ ቢስ መንግሥት ጀግናውን በላ» ይልሃል። ሌላው «አመፀ፣ እስር ቤት ሰበረ፣ ሕግ ነው የፈረደበት» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ንጉሥ ሥር፣ ከእሱ የባሰ ያጠፉ ሰዎች ምሕረት አግኝተዋል። አንዳንዶቹም ከምሕረት አልፈው ተሹመዋል። እሱ ምን ቢጎድለው ነው?

መጀመሪያ ስለ ሰውየው። አባቱ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ አሽከር ነበር። ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸው ሰዎችም ተበተኑ፤ ዘለቀም ወደ አገሩ ወደ ጎጃም ተመለሰ። በኋላ በመንግሥት ሰዎች እጅ ተገደለ። ልጁ ደም ተቃብቶ ሸፈተ። ይህ በዚያ አገር በዚያ ዘመን ያልተለመደ መንገድ አይደለም። አባቱ የተገደለበት ልጅ ጫካ ይገባል፤ ዘመዶቹ ስንቅ ያቀብሉታል። ባላገሩም ይፈራዋል፣ ግን ደግሞ ይረዳዋል።

ጣሊያን በ1928 ሲገባ እንግዲህ በላይ ከመንግሥት ጋር ሆድና ጀርባ የነበረ ሽፍታ ነው። ጠመንጃ አለው፣ ሰው አለው፣ የአባይን በረሃ ሸለቆ ለሸለቆ ያውቀዋል። ጦር ሜዳ የሰለጠኑት መኮንኖች ሲበተኑ እሱ እዚያው ነበር። ከብቸና ተነሥቶ አባይን ወዲህና ወዲያ እየተሻገረ ተዋጋ። በያዘው አገርም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የራሱን ሹማምንት ሾመ፤ ደጃዝማች አለ፣ ፊታውራሪ አለ፣ ራስም ያለው ሰው ነበር። አንተስ ምን እንበልህ ሲሉት «እናቴ ያወጣችልኝ ስም ይበቃኛል» አለ ይባላል። ይህች ጨዋታ የሚወደድለት ናት። አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ግን ይህችኑ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ገምት። ሹመት የንጉሥ ነው። ሳይሾም የሚሾም ሰው ለንጉሥ ጀግና ብቻ አይደለም።

ሌላም የሚነሳበት ጉዳይ አለ፤ አድናቂዎቹ ብዙ አይወዱትም። በ1933 የጣሊያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ ኮሎኔል ማራቬንታኖ በሺዎች የሚቆጠር ወታደርና ቤተሰብ አስከትሎ አባይን ተሻገረ። መሻገሪያው ላይ እንዲዘጋው የሚጠበቀው በላይ ነበር። አልዘጋም። አብረውት የነበሩት የእንግሊዝ መኮንኖች ምክንያቱን ከራስ ኃይሉ ጋር ያያይዙታል፤ ልጃቸውን እድርልሃለሁ ብለው አባብለውታል እያሉ። ማራቬንታኖ በኋላ በግንቦት አጊባር ላይ እጁን ሰጥቷል። ለእኔ ይህ ታሪክ እውነት ቢሆን እንኳ በላይን ባንዳ አያደርገውም። አምስት ዓመት የተዋጋ ሰው፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል፣ ነገ ጎጃምን ማን ይገዛል ብሎ አስቦ ይሆናል። የመሳፍንት ልጅ ማግባት ደግሞ ለሽፍታ የቆየ መንገድ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ነጻነት መጣ። ጃንሆይ በላይን ደጃዝማች ብለው የብቸና ገዢ አደረጉት። የጎጃም ጠቅላይ ገዢነት ግን ለራስ ኃይሉ በለው ተሰጠ። እሱም አርበኛ ነው፣ ግን የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘር ነው። እንግዲህ ትናንት ራስ ሲሾም የነበረው ሰው ዛሬ የወረዳ አስተዳዳሪ ሆነ። ከበላዩ አለቃ ተቀመጠበት። ሒሳብ አምጣ፣ ጠመንጃ አስረክብ፣ ሰውህን በትን የሚል ትእዛዝ መጣ። ነገሩ ከረረ። በመጨረሻ በላይ ሶማ የሚባለው አምባ ላይ ወጥቶ የመንግሥትን ጦር ተዋጋ። እዚያ ተከበበ፤ ኋላም እጁን ሰጠ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሕግ የሚወድ ሰው በደንብ ያውቀዋል። መንግሥት የላከውን ጦር መውጋት በየትኛውም አገር ወንጀል ነው። ያኔም ቢሆን በ1923 የወጣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበረን። በላይ ወዲያው አልተሰቀለም፣ አዲስ አበባ ታሰረ። ከዚያ ከማሞ ኃይሉ ጋር ሆኖ ከእስር ቤት አመለጠ። አገሩ ሳይደርስ ተያዘ። ከዚያ ገመዱ መጣ።

አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ስለ በላይ ስከራከራቸው ቡናቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ፍርዱን ተወው። ፍርዱ ላይ ከተከራከርክ ትሸነፋለህ። መዝገቡ ላይ ያለው ጥፋት ጥፋት ነው።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ልከራከር ጋሼ?»

«ማን ደጅ ጠናለት? እሱን ጠይቅ።»

ነገሩ ይሄ ነው። በዚያ ሥርዓት የሞት ፍርድ በዳኛው አያልቅም። ንጉሡ ካላጸደቁት አይፈጸምም። ከፍርድ ቤቶቹ ሁሉ በላይ ደግሞ ዙፋን ችሎት ነበረ፤ ንጉሡ ራሳቸው የሚያስችሉበት። ተከሳሹ በሕግ ከተረታ በኋላ ሁለተኛ ክርክር ይጀመራል። ጠበቃ የለውም። ያለው አማላጅ ነው። አቡኑ ይለምናሉ፣ እመቤቲቱ ዘንድ ሰው ይላካል፣ በጋብቻ የተገናኘ መኳንንት ከእግር ይወድቃል። የምትድነው እዚያ ነው።

በላይ በዚያ ግቢ ውስጥ ማን ነበረው? ዘመዶቹ ብቸናና ቦረና ናቸው፤ ባላገሮች ናቸው። አብረውት የተዋጉት ተበትነዋል፤ ገሚሱም አብሮት ተከሷል።

አሁን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን እንይ። የጎጃሙ ንጉሥ ልጅ ነው። ጎጃምን ለብዙ ዓመት ገዝቷል፤ ገንዘብ በመውደድ የታወቀ ነው። በ1924 ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስራቸው ሲያመልጡ እጁ አለበት ተብሎ ተከሰሰ። ልብ በል፣ የወረደ ንጉሥን አስፈትቶ ዙፋን ማስገልበጥ ነው ክሱ። ሞት ተፈረደበት። ከዚያ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ ሀብቱ ተወረሰ፣ ከባድ ካሣም ተጫነበት። ነፍሱ ግን ተረፈች።

ጣሊያን ሲገባ ራስ ኃይሉ ለጣሊያን አደረ። እንደው ዝም ብሎ ማደር ብቻ አይደለም። የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ፍቼ አካባቢ አልገዛም ብለው ሲዋጉ እጃቸውን እንዲሰጡ ካግባቡት አንዱ እሱ ነበር። በታኅሣሥ 1929 ገቡ። ወዲያው ተገደሉ። ጣሊያን በ1933 ሊሸነፍ ሲል ደግሞ ጎጃምን ጸጥ አድርግልን ብሎ ወደ አባቱ አገር ላከው። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን 1933 ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ሰውየው ለአቀባበሉ ዘግይቶ መጣ። ይህችን መዘግየት የእንግሊዝ መኮንኖቹ ሁሉ ይጠቅሷታል፤ ትዕቢቱን ለማሳየት። መጣ፣ እጅ ነሣ። አለቀ። አዲስ አበባ ተወስዶ በቁም እስር ተቀመጠ። የሞተው በቤቱ ነው፣ በሽምግልና።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አንዱ ሁለት ጊዜ መንግሥትን ከድቷል፤ ሁለተኛው ለባዕድ ነው። ሌላው ባዕድን ወግቶ፣ ከነጻነት በኋላ በሹመት ተጣልቶ ሸፍቷል። አንዱ አልጋው ላይ ሞተ፣ ሌላው ገመድ ላይ።

በርግጥ ለዚህ ቀላል መልስ አለ። ራስ ኃይሉ ሽማግሌ ነው፣ ጥርሱ ወልቋል። በላይ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ቢያመልጥ በሳምንት ውስጥ ሺህ ጠመንጃ የሚሰበስብ ሰው ነው። ፖለቲካ የሚያውቅ ሰው የሚፈራውን እንጂ የሚጠላውን አይገድልም። ማሞ መሰቀሉም ለዚህ መልስ የሚመች ይመስላል፤ ዘር ቢሆን ኖሮ ያድነው ነበር፤ እሱም የንጉሥ የልጅ ልጅ ነው። ይሄ ክርክር ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ማሞ የተሰቀለው አምልጦ ነው። ከጣሊያን ጋር ተሰልፎ በነበረበት ጥፋት ቢሆን ኖሮ እስር ላይ ነበር። ባንዳነቱ አላሰቀለውም፤ ከበላይ ጋር መሮጡ ነው ያሰቀለው።

ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን ደግሞ ተመልከት። ይህን ሰው ሳነብ አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል። ጃንሆይ በ1928 አገር ጥለው መውጣታቸውን የተቃወመ ነው። በወረራው ጊዜ አርበኛ ሆነ፤ ከእሳቸው በኋላ ሌላ ዓይነት መንግሥት ይቁም የሚል ሐሳብ ነበረው። ጃንሆይ ተመለሱ፤ ሾሙት፤ አሰሩት። ፈቱት፤ የአገር ግዛት ምክትል ሚኒስትር አደረጉት፤ እንደገና አሰሩት። ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ ተፈታና ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አፈ ንጉሥ! የአገሪቱ ትልቁ ዳኛ። ንጉሡን ለመገልበጥ ያሤረ ሰው በንጉሡ ስም ሲፈርድ ዓመታት ቆየ። ከ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ መልሶ ታሰረ፤ ተፈታ። በመጨረሻ በኅዳር 1962 ፖሊስ ቤቱን ከብቦት እየተታኮሰ ሞተ። ይህን ሁሉ ምሕረት ያገኘ ሰው ሞቶም እጁን አልሰጠም። ጃንሆይ ታከለን ለምን እንደዚያ እንደታገሡት ጋሼን ስጠይቃቸው «ያውቁታላ» አሉኝ። «ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ያገለገላቸው ሰው ነው። ለሚያውቁት ሰው መፍረድ ከባድ ነው።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላገኘሁም።

የትግራዩ ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳም አለ። የቀዳማይ ወያኔ መሪ። ያ አመፅ ከበላይ አመፅ ጋር አይወዳደርም። የመንግሥትን ጦር አሸንፎ መቀሌ ገባ፤ በመስከረም 1936 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን እየተነሡ መቀሌን እስኪደበድቡ ድረስ ደረሰ። ገበያ ላይ የነበረ ሕዝብ አለቀ። ኃይለ ማርያም እጁን ሰጠ፣ ታሰረ፣ ግን አልተሰቀለም። ደርግን አይቷል፣ ከደርግም በኋላ ኖሯል።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስህ። ጋብቻውን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።

የቋራው ካሣ ኃይሉ ሽፍታ ነበር። ነጋዴ ዘርፏል፣ ለተከታዮቹም አካፍሏል። የጎንደሮቹ ገዢዎች እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ ሊያጠፉት አልቻሉም። ታዲያ ምን አደረጉ? የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ሹመት ሰጡት። ከዚያም ሸፈተ። ተዋጋ። ታረቀ። እንደገና ሸፈተ። እንዲህ እያለ ጉር አምባ ላይ ጎሹን፣ አይሻል ላይ ዓሊን፣ ደረስጌ ላይ ውቤን አሸንፎ በየካቲት 1847 አጼ ቴዎድሮስ ተባለ። አንድ ጊዜ ብቻ ምሕረት ቢከለከል ኖሮ ይህ ሁሉ የለም። ሸፍቶ መታረቅ በዚያ አገር የሹመት መንገድ ነበር። ትሸፍታለህ፣ አቅምህን ታሳያለህ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ሚስትና አገር ይሰጥሃል። ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም።

የሚገርመው ግን ሽፍታው ዙፋን ላይ ከወጣ በኋላ የሆነው ነው። ቴዎድሮስ ሁሉም ወደ አባቱ ሙያ ይመለስ፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ብሎ አወጀ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ለመንግሥቱ በላከው ዘገባ ላይ የጻፈው ታሪክ አለ። ቲስባ የሚባል አገር ሰዎች ጦራቸውን ይዘው ሰፈር ድረስ መጡ። አባቶቻችን የሠሩትን ሥራ እንድንሠራ ያወጅከውን አጽድቅልን አሉት። ምንድን ነው የአባቶቻችሁ ሥራ? መንገድ ላይ መዝረፍ! ቴዎድሮስ አልተቆጣም። ይሄ ሥራ አደገኛ ነው፣ እርሻ ይሻላችኋል፤ ሜዳ ውረዱና እረሱ፣ በሬና ሞፈሩን እኔ እሰጣችኋለሁ አላቸው። አሻፈረን አሉ። እሺ ብሎ ሸኛቸው። ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ፈረሰኛ ደረሰባቸው፤ ፈጃቸው።

ይህን ታሪክ ሰው የሚያወራው ስለ ቴዎድሮስ ጭካኔ ነው። እኔ በሬዎቹ ላይ ነው የምቆመው። ንጉሡ ገመዱን ከማውጣቱ በፊት በሬ አቅርቧል። እሱ ራሱ ከዚያ ሕይወት ስለመጣ ሽፍታ ምን ቢያገኝ ጠመንጃውን እንደሚጥል ያውቃል። ፕላውደን ራሱ በ1852 ጎንደር አጠገብ በሽፍታ ቆስሎ ሞተ። ያቆሰለው ጋረድ ደግሞ የንጉሡ ዘመድ ነበር። የዚያ ዘመን ሽፍታ እንግዲህ ከቤተ መንግሥት ብዙም አይርቅም።

በላይ ዘለቀ የተጫወተው ይህን የድሮ ጨዋታ ነው ብዬ አስባለሁ። ሶማ ላይ ሲወጣ አዲስ አበባን እይዛለሁ ብሎ አልነበረም። ሽማግሌ ይመጣል፣ አንድ ማዕረግ ይጨመርልኛል፣ ከራስ ኃይሉ በለው እጅ ያወጡኛል ብሎ ጠብቆ ይሆናል። ከካሣ ኃይሉ ጀምሮ መቶ ዓመት ያህል የሠራ ነገር ነው። እሱ ያልገባው፣ ወይም ማንም ያልነገረው፣ መንግሥቱ መለወጡን ነው። የ1930ዎቹ የጃንሆይ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ጦር አለው፤ ሬዲዮ አለው፤ የእንግሊዝ አማካሪ አለው። ጠቅላይ ግዛትን በመኳንንት ስምምነት ሳይሆን በሚኒስቴር ደብዳቤ ነው የሚገዛው። ከሽፍታ ጋር መታረቅ አያስፈልገውም።

ይህ ለሁሉም እኩል ቢሆን ኖሮ እኔ ክርክር የለኝም። አዲስ መንግሥት ነው፣ አዲስ ሕግ ነው፣ እሺ። ግን የድሮው ጨዋታ ለመኳንንቱ እንዳለ ቀጥሎ ነበር። ራስ ኃይሉ ታረቀ። ታከለ ደጋግሞ ታረቀ። አዲሱ ሕግ መጀመሪያ የተሞከረው ድሃ ላይ ነው።

በላይ ከተሰቀለ ከ16 ዓመት በኋላ እዚያው ተክለ ሃይማኖት ሌላ ሰው ተሰቀለ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ የክብር ዘበኛ አዛዥ። እሱና ወንድሙ ግርማሜ በታኅሣሥ 1953 ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ መንግሥት ገለበጡ። ሸፍተው ጫካ አልገቡም፤ ቤተ መንግሥቱን ያዙ፣ ሬዲዮ ጣቢያውን ያዙ፣ አልጋ ወራሹን መግለጫ አስነበቡ። ግርማሜ አሜሪካ የተማረ፣ ወላይታና ጅጅጋ አውራጃ ገዢ ሆኖ መሬት ለድሃ ላከፋፍል ሲል ከባለ መሬቶች ጋር የተላተመ ሰው ነው። ነገሩ በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ሊሸሹ ሲሉ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያገቷቸውን መኳንንትና ሚኒስትሮች ተኩሰው 15 ሰው ገደሉ። ከሞቱት አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፣ ትልቁ የሸዋ አርበኛ። ይህን የታኅሣሥ ግርግር ጀግንነት ብቻ አድርጎ የሚያወራ ሰው ያን ክፍል ዘሎ ያልፋል። መዝለል አይገባውም።

ግርማሜ ሞተ፤ ሬሳው አዲስ አበባ መጥቶ ለሕዝብ ታየ። መንግሥቱ ክፉኛ ቆስሎ ተያዘ። ሆስፒታል አስገቡት። ሐኪም አከመው፣ ቁስሉ ታሰረ፣ እስኪሻለው ተጠበቀ። ከዚያ ችሎት ቀረበ፣ ተፈረደበት፣ ይግባኝም አልጠየቀም። መጋቢት 21 ቀን ተሰቀለ። ሰውን አድኖ መስቀል ሕግ አክባሪነት ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጋሼ «ሕግ ነው» ይላሉ፤ በሽተኛ አይሰቀልም። እኔ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

መንግሥቱ ግን የባላገር ልጅ አልነበረም። የተማረ፣ የተከበረ፣ ለቤተ መንግሥት ቅርብ የነበረ ነው። አማላጅ ቢፈልግ አያጣም ነበር። እሱ ራሱ አልፈለገም። ስለዚህ የእሱ ሞት የበላይን አይመስለኝም። በላይ ምሕረት የሚጠበቅበትን በር አላገኘውም፤ መንግሥቱ በሩ ላይ ቆሞ አላንኳኳም። ጃንሆይ ደግሞ ያን ገነተ ልዑል ከዚያ ወዲያ መኖሪያ አላደረጉትም፤ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ነው። ከዚያ ግቢ ተነሥተው ነው ተማሪዎቹ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት፤ ግርማሜ ወላይታ ላይ የጀመረውን ነገር።

ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ፣ በአጭሩ ልለፈው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ሰው በአንድ ሌሊት ረሸነ። ችሎት የለም፣ ክስ የለም፣ መልስ የለም። ደጅ የሚጠናበት ደጅም የለም። ደጅ ጥናት የሚሉት አሮጌ ነገር ስንት ነፍስ ያተርፍ እንደነበረ የገባኝ የዚያን ሌሊት ዝርዝር ሳነብ ነው። አድሎ የሞላበት ምሕረት ጭራሹን ምሕረት ከሌለበት ይሻላል ብዬ መጻፍ አልፈልግም፤ ግን አስቤዋለሁ።

ደርግ ራሱ ሲከሰስ የተከሰሰበት ሕግ የጃንሆይ ነበር። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው። አንቀጽ 281 የዘር ማጥፋትን ሲተረጉም ከዓለም አቀፉ ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ ነበር። የደርግ ሰዎች ጃንሆይን ገድለው በጃንሆይ አንቀጽ ተዳኙ። ችሎቱ በ1987 ተጀመረ፤ ጥፋተኝነቱ በታኅሣሥ 1999 ተወሰነ። ጥር ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት አሳደገው።

አልተሰቀሉም። የሃይማኖት አባቶች ለመኑላቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ እንዲህ ያለ ወንጀል በይቅርታ አይታለፍም ይላል፤ ግን ርዕሰ ብሔሩ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ ማድረግ ይችላል። በ2003 ዝቅ ተደረገ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ አመክሮ መጠየቅ ይችላል። በመስከረም 2004 ብዙዎቹ ወጡ። አማላጅ አገኙ፤ አማላጁም አንቀጽ አገኘ። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በዚያ ወቅት ምን እንዳሉ ብዙ ሰው አልጠየቃቸውም።

ከሁሉም ሲገርመኝ የሚኖረው ግን የኤምባሲው ጉዳይ ነው። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ጥቂት ትልልቅ ባለ ሥልጣኖች ሮጠው አንድ ኤምባሲ ገቡ። የማን ኤምባሲ? የጣሊያን። ጣሊያን ሞት ሊፈረድበት የሚችልን ሰው አሳልፌ አልሰጥም አለች። በሌሉበት ተፈረደባቸው። አንዱ፣ ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞተ። ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ በታኅሣሥ 2013፣ የሞት ቅጣታቸው ዝቅ ብሎላቸው በአመክሮ ወጡ።

ለጋሼ ይህን አንስቼ በላይ ጣሊያንን ወግቶ ተሰቀለ፣ እነዚህ ጣሊያን ጉያ ገብተው ተረፉ አልኳቸው። ሳቁብኝ። «አንተ ደግሞ ሁሉን ከበላይ ጋር ታያይዛለህ። ጣሊያኖቹ ሕጋቸውን ነው ያከበሩት። እኛ ለበላይ የማን ሕግ ነበር ያከበርነው?» አሉኝ።

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ በበላይ ስም ይጠራል። አዲስ አበባ ውስጥም በስሙ መንገድ አለ። ያስሰቀለው ፍርድ ግን እንዳለ ነው። ጋሼን ለሞተ ሰው ይቅርታ መጠየቅ ይቻል እንደሆን ጠየቅኳቸው። «ማመልከቻውን ማን ይፈርማል?» አሉና ቡናቸውን ጨለጡ።